ፍሬቻ፣ ማኖቬላ እና ሌሎች ትንንሽ ነገሮች

«ፍሬቻ ሳታሳይ ነው እንዴ የምትታጠፈው?!»

አዲስ አበባ ውስጥ ይህን ጩኸት ሳይሰማ የሚመሽለት ሰው የለም። ጩኸቱን ለምደነዋል፤ ስለ ቃሉ ግን ጠይቀን አናውቅም። ፍሬቻ የጣልያን ቃል ነው፤ ቀስት ማለት ነው። ብልጭ ድርግም የሚለው ብርቱካናማ አምፖል ደግሞ በየት በኩል ቢያዩት ቀስት አይመስልም። ታዲያ ስሙን ከየት አመጣው?

መልሱ ዛሬ መንገድ ላይ የለም። ብልጭ ድርግም የሚለው አምፖል ሳይለመድ በፊት፣ በመኪናው ጎን፣ ከበሩ አጠገብ ባለው ምሰሶ ውስጥ የተደበቀች ትንሽ ክንድ ነበረች። ሹፌሩ ሊታጠፍ ሲል ማብሪያዋን ይነካል፤ ክንዷ ከተሸሸገችበት ብድግ ብላ፣ መብራቷን አብርታ «ወደዚህ ነኝ» ትላለች። ሰው እጁን ዘርግቶ መንገድ እንደሚያሳየው ማለት ነው። ጣልያኖቹ ይህችን ክንድ ነው ፍሬቻ ያሏት። የጀርመኗ ቮልስዋገንም እስከ 1960 እ.ኤ.አ. ድረስ በአውሮፓ ስትሸጥ ይህችው ክንድ ነበረቻት። ክንዷ ሞተች፤ ስሟ ግን አማርኛ ውስጥ ቀረ። እኛም በየቀኑ የሞተች ክንድ ስም እየጠራን እንሰዳደባለን።

ይህንን ያወቅን ዕለት ነው ነገሩ የጀመረን።

«እኛ» ስንል ሦስት ነን። አንዳችንም መኪና የለንም። መንጃ ፈቃድ ያለው እንኳ አንዱ ብቻ ነው (እሱም ሲነዳ አይተነው አናውቅም)። ግን የቆመ አሮጌ መኪና ካየን ማለፍ አንችልም። እንጠጋለን፣ ጎንበስ ብለን በመስኮት ወደ ውስጥ እናያለን፣ እንጠቋቆማለን። አዲስ አበባ ውስጥ ሦስት ወጣት የቆመ መኪና ዙሪያ ሲያንዣብብ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ፤ የስፖኪዮ ሌባ! ስንት ባለቤት ከካፌ እየሮጠ ወጥቶብናል መሰላችሁ። «ይቅርታ ጋሼ፣ መኪናዎትን እያደነቅን ነው» ስንል፣ ቁጣው በአንድ ጊዜ ወደ ወሬ ይለወጣል። «እዩ፣ እዩ… ግን በዓይናችሁ!»

ደንብ አለን። ስለ ሞተር ጉልበት አናወራም። ስለ ዋጋ አናወራም። የምንቆጥረው በመዳፍ የሚያዝ፣ በጣት የሚነካ፣ ካላሳዩህ በቀር የማታየውን ነገር ብቻ ነው። እስካሁን ካየናቸው ውስጥ የምንወዳቸውን እንሆ።

ሦስት ማዕዘኗ መስኮት

ከፊት በር መስታወት ጎን፣ ጥግ ላይ፣ ለብቻዋ የምትከፈት ትንሽ ሦስት ማዕዘን መስኮት። ቮልስ ላይ ከ1952 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ አለች፤ ሌሎች ብዙ የዚያ ዘመን መኪኖችም አሏቸው። መቆለፊያዋን ጫን አድርገህ ስትገፋት ትዞራለች። በጥቂቱ ከከፈትካት በውስጥ ያለውን የታፈነ አየር ስባ ታወጣለች። ወደ ራስህ ካዞርካት ደግሞ ነፋሱን ለቅማ ፊትህ ላይ ታመጣዋለች። ዝናብ እየዘነበ እንኳ ጠበብ አድርጎ መክፈት ይቻላል። ነዳጅ አትፈልግ፣ ጋዝ አትፈልግ፣ ቴክኒሺያን አትፈልግ።

የላንድሮቨሩ ዘዴ ከዚህም ይቀላል። በብዙዎቹ ላይ ከፊት መስታወቱ ሥር፣ በስፋት ሁለት ክዳኖች አሉ። ከውስጥ በእጅህ ትገፋቸዋለህ፤ ከፊት ያለው አገር ነፋስ ሁሉ ገባ ማለት ነው። ትንኝና ሣር እንዳይገባ ወንፊት አለው። በዚህ ላይ ምን ይጨመራል?

የቮልስ ጎማ

ቮልስ የእንዲህ ያለ ነገር ባለጸጋ ናት። አንድ ጥያቄ እንጠይቃችሁ። የፊት መስታወት ለማጠብ የሚረጨው ውኃ በምን ኃይል ነው የሚወጣው? ዛሬ በኤሌክትሪክ ፓምፕ ነው። ከ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተሠሩት ቮልሶች ግን ፓምፕ አላስፈለጋቸውም። ሞተራቸው ከኋላ ስለሆነ ትርፍ ጎማው ከፊት ኮፈኑ ሥር ነው የሚተኛው። ከዚያ ጎማ አንድ ቀጭን ቱቦ ወጥታ ወደ ውኃው ዕቃ ትሄዳለች። የጎማው አየር ውኃውን ይገፋል፤ ውኃው መስታወቱ ላይ ይረጫል። በቃ!

«እሺ፣ መስታወት ሳጥብ ውዬ ትርፍ ጎማዬ ቢተነፍስስ?» የሚል ብልህ አይጠፋም። እነሱም አስበውበታል። የጎማው አየር ከተወሰነ መጠን ሲወርድ የሚዘጋ መዝጊያ አለ። ጎማው ለጎማነት የሚበቃውን አየር ያስቀራል፤ ከዚያ በላይ መስታወትህን ማጠብ ከፈለግህ ወደ ጎሚስታ ሂድና አስሞላ።

ከዚያ ቀደም ያሉት ቮልሶች ደግሞ የባሰ ነገር አላቸው። እስከ 1961 እ.ኤ.አ. ድረስ አብዛኞቹ የነዳጅ መለኪያ አልነበራቸውም። አዎ፣ ምንም! ነዳጁ ሲያልቅ መኪናዋ ትስላለች፣ ትንገዳገዳለች። ያኔ ሹፌሩ መሪውን ሳይለቅ፣ ከእግር መርገጫዎቹ በላይ ያለችውን ትንሽ እጀታ በጫማው ጫፍ ይገፋታል። ከታንከሩ ግርጌ የቀረው ጥቂት ሊትር ይለቀቅና መኪናዋ ትንፋሿ ይመለሳል። ነዳጅ ስትሞላ እጀታዋን መመለስ ከረሳህ ግን በሚቀጥለው ጊዜ መጠባበቂያ የሚባል ነገር የለህም። ዛሬ መብራት በርቶ «ነዳጅ አልቋል» ሲለን ሦስት ቀን እንዳላየ እንነዳለን። ያኔ መኪናው ሲያስል ማንም ችላ አይልም ነበር።

የላዳ ቀዳዳ

ላዳን «የሩሲያ መኪና» ነው የምንለው። ግማሽ እውነት ነው። እናቱ ጣልያናዊት ናት፤ በ1966 እ.ኤ.አ. የወጣችውና በማግስቱ የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብላ የተመረጠችው ፊያት 124። ሶቪየቶች ከፊያት ጋር ተዋውለው፣ በቮልጋ ወንዝ ዳር፣ በጣልያኑ የኮሚኒስት መሪ ስም ቶሊያቲ በተባለችው ከተማ ፋብሪካ ተክለው፣ በ1970 እ.ኤ.አ. ማምረት ጀመሩ። ግን ዝም ብለው አልገለበጧትም። ለመጥፎ መንገድ ከመሬት ከፍ አደረጓት። ቆርቆሮዋን አወፈሩት። ጭቃና ጠጠር የማይስማማውን የኋላ ዲስክ ፍሬን አውጥተው የከበሮ ፍሬን አስገቡላት።

ከሁሉም የምንወደው ግን የፊት መከላከያዋ ላይ ያለውን ክብ ቀዳዳ ነው። ብዙ ተሳፋሪ ለጌጥ ይመስለዋል። የማኖቬላ መግቢያ ነው። በሩሲያ ክረምት ባትሪ በብርድ ሲሞት፣ ሹፌሩ ማኖቬላውን በቀዳዳው አስገብቶ፣ ሞተሩን በክንዱ አዙሮ እንዲያስነሳ የተተወ ቀዳዳ። አዲስ አበባ ላይ እንደዚያ ያለ ብርድ የለም፤ የሞተ ባትሪ ግን ሞልቷል። በእኛ አገር የማኖቬላውን ሥራ የሚሠራው ተሳፋሪው ነው፤ «ወንድሞች፣ እስኪ አንዴ ገፋ!»

የመርሴዲስ መብራት

የድሮ መርሴዲስ የኋላ መብራት ለስላሳ አይደለም። እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ሸንተረር አለው። እኛም ጌጥ መስሎን ነበር። ነገሩ ግን ጭቃ ነው። መኪና በጭቃና በአቧራ ሲሄድ ለስላሳ መብራት ሙሉ በሙሉ ይለበጣል፤ ከኋላ ያለው ሹፌር ፍሬን መያዝህን አያይም። ሸንተረሩ ካለ ግን ቆሻሻው የሚይዘው ወጣ ያለውን ጠርዝ ነው፤ ገባ ያለው ንጹሕ ሆኖ ይቀራል፤ ብርሃኑም በዚያ ያልፋል። በ1976 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ በአገራችንም ብዙ የሠራው ደብሊው 123 ይህ መብራት አለው። በሐምሌ ጭቃ አንዱን ከኋላ ተከተሉትና እዩ።

ስም የሆነችው ጽሑፍና ፊት ለፊት የተቀመጡት ወንበሮች

ዲኤክስ የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ የለም። መኪናዋ ግን ቶዮታ ኮሮላ ናት። ዲኤክስ በፋብሪካው አጠራር «ደሉክስ» ለሚባል ደረጃ የተለጠፈች ትንሽ ጽሑፍ ነበረች። ሕዝቡ ግን ዋናውን ስም ትቶ ከኋላ የተለጠፈችውን አነበበ፤ እሷው ስም ሆና ቀረች። ፋብሪካ መኪና ያወጣል፣ ስም የሚያወጣው መንገዱ ነው።

ውይይትም እንደዚያው ናት። የጭነት ቦታው ላይ ሁለት አግዳሚ ወንበር ትይዩ ተደርጎ የተገጠመባት ታክሲ። ወንበሩ ፊት ለፊት ስለሆነ ከማታውቀው ሰው ጋር ጉልበት ለጉልበት ትገጣጠማለህ። ጉልበት ከተገጣጠመ ዝምታው ይከብዳል፤ ወሬ ይጀመራል። ታክሲዋ ስሟን ያገኘችው ከሞተሯ አይደለም፤ ከወንበሯ አቀማመጥ ነው። ዛሬ ሚኒባስ ውስጥ የምናየው የፊተኛውን ሰው ማጅራት ነው፤ የምናዋየውም ስልካችንን ነው።

የታጠፈው ወንበር

አንዳንዴ ትንሽ ነገር ታሪክ ውስጥ ይገባል። ቮልስ ሁለት በር ብቻ ነው ያላት። ከኋላ ለመቀመጥ የፊተኛው ወንበር ወደፊት መታጠፍ፣ ሰውየውም ጎንበስ ብሎ መሹለክ አለበት። ለቤተሰብ መኪና ቀላልና ርካሽ መላ ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ አፄ ኃይለ ሥላሴን ከሥልጣን ሲያወርድ ከቤተ መንግሥት የወሰዳቸው በቮልስዋገን ነበር። ሮልስ ሮይስ የለመዱት ንጉሠ ነገሥት ከኋላ ተቀመጡ። ስለዚያ ቀን ብዙ ተጽፏል። እኛ ግን ቮልስ ባየን ቁጥር የምናስበው ያቺን የወንበር ማጠፊያ ነው። በዚያች መኪና የኋላ ወንበር ላይ ሳይጎነበስ የሚቀመጥ የለም፤ ንጉሥም ቢሆን።

እና ምን ይጠበስ?

«እና ምን ይጠበስ?» ያላችሁ እንዳላችሁ እናውቃለን። ትክክለኛ ጥያቄ ነው።

በመጀመሪያ ናፍቆት እንዳያሳውረን እውነቱን እንናገር። እነዚህ መኪኖች ይገድላሉ። ብዙዎቹ ከፋብሪካ ሲወጡ የደኅንነት ቀበቶ አልነበራቸውም። ዳሽቦርዳቸው ብረት ነው። ቮልስ የነዳጅ ታንከሯ ከፊት፣ ከተሳፋሪው እግር ማዶ ነው ያለው። በአዲስ አበባ ታክሲ ሆነው የሠሩት የፊያት ሴይቼንቶዎች የመጀመሪያ ምርት በሮቻቸው ማጠፊያቸው ከኋላ፣ እጀታቸው ከፊት ነበር። ለመግባትና ለመውጣት እንደዚያ የሚመች የለም። መኪናው እየሄደ በሩ ከተከፈተ ግን ነፋሱ ገንጥሎ ሊወስደው ይደርሳል። ፊያት በ1964 እ.ኤ.አ. ማጠፊያውን ወደ ፊት አዛወረው፤ ደግ አደረገ። የሚያምር ነገር ሁሉ ይቆይ አንልም።

የኤሌክትሪክ መኪና ጠላቶችም አይደለንም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ሲከለክል ከነዳጅ ወረፋና ከጭሱ ጋር የኖረ ሰው ምክንያቱን ለመረዳት አይቸገርም። ግን አንድ ነገር ታየን። ከእንግዲህ የነዳጅ መኪና እዚህ አገር ያለው ብቻ ነው። አሮጌው ሲሞት መለዋወጫው ለሌላው አሮጌ ይሆናል፤ ያም ሲሞት… አለቀ።

የሚያልቀው ብረቱ ብቻ ቢሆን አንጽፍም ነበር። ከላይ የዘረዘርናቸውን መልሳችሁ እዩዋቸው። ማኖቬላው፣ በጫማ ጫፍ የምትገፋው እጀታ፣ ለጎማው አየር የሚያስቀረው መዝጊያ፣ የሸንተረር መብራቱ። ሁሉም የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ «ነገር ሊበላሽ ይችላል፤ አንተ ግን አለህ።» የሠራው ሰው በሩቅ አገር ተቀምጦ ባትሪህ እንደሚሞት፣ ነዳጅህ እንደሚያልቅ፣ መንገድህ ጭቃ እንደሚሆን አስቦልሃል። ደግሞ ሁለት እጅና አንድ አእምሮ እንዳለህ አምኖብሃል። የዛሬው መኪና የሚለን ሌላ ነው፤ «አልበላሽም፤ ከተበላሸሁም አንተን አይመለከትህም።» ምቾቱን እንወደዋለን። አለመታመኑ ግን ይቆረቁራል።

የተሸጠችው ቮልስ

ባለፈው ዓመት ከመሀላችን የአንዱ አባት ቮልሳቸውን ሸጡ። ጋሼ (እንደዚያ ነው የምንላቸው) መኪናዋን የያዟት እኛ ሳንወለድ ነው። አሁን ዓይናቸው ደክሟል፣ የግራ ጉልበታቸው ፍሪሲዮን መርገጥ አቅቶታል። መሸጣቸው ትክክል ነበር።

ገዢው ወጣት ነው፤ ጨዋ፣ መኪና ወዳድ። ዙሪያዋን እየዞረ ዕቅዱን ነገራቸው። ቆዳ ወንበር፣ የኤሌክትሪክ መስኮት፣ ትልቅ ስክሪን። «ጋሼ፣ አዲስ ነው የማደርጋት!»

ጋሼ ዝም ብለው ሰሙትና «ትርፍ ጎማዋን ብቻ አየር እየሞላህ ያዝልኝ ልጄ፤ ውኃ የምትረጨው በሱ ነው» አሉት።

«ፓምፕ አስገባላታለሁ፤ አያስቡ» አለ።

ክፉ ቃል አይደለም። ልጁ መኪናዋን በሕይወት ያኖራታል፤ እኛ ሦስታችን ይህን አናደርግላትም። ግን ጋሼ ሌላም ሊነግሩት ፈልገው አፋቸው ላይ እንደቀረ አየን። አንድ ሰው አርባ ዓመት ያጠራቀመው እውቀት በዚያች ደቂቃ ተቀባይ አጣ።

ስለዚህ መኪናዋ ከመወሰዷ በፊት በነበረው ቅዳሜ ደብተር ይዘን ሄድን። «ጋሼ፣ ያላትን ሁሉ ያሳዩን» አልናቸው። ከጠዋት እስከ ምሳ አሳዩን። በሮቿ በደንብ የሚገጥሙት መስኮቱን ትንሽ ዝቅ አድርገው ሲዘጉ እንደሆነ፤ አየሩ መውጫ ካጣ በሩን እንደሚገፋው። ሙቀት ከሞተሩ ዙሪያ በየት ዞሮ እግር ሥር እንደሚመጣ። የትኛው ብሎን በሳንቲም እንደሚፈታ።

ከዚያ ፋብሪካው የማያውቃቸው መጡ። ሦስት ማዕዘኗ መስኮት እንዳትንቀጫቀጭ በልኳ የታጠፈች የክብሪት ቀፎ። የፀሐይ መከላከያው ላይ ለመንጃ ፈቃድ የተሰፋች የጨርቅ ኪስ፤ የሰፏት እማማ ናቸው። የኋላ ወንበር ሥር ለጃንጥላ የተበጀች የሽቦ ማንጠልጠያ። እነዚህን የሠራ መሐንዲስ የለም። መኪናዋ ክፍት ስለነበረች፣ ስለምትገባቸው፣ ቤተሰቡ የጎደላትን እየሞላ ኖረ። ደብተራችን ላይ የጻፍነው ከግማሽ በላይ እንዲህ ያለው ነው።

ደብተሩን አንዱን ቅጂ ለገዢው ሰጠነው። መጀመሪያ ሳቀ። በሳምንቱ ደወለና «ጎማውን አየር ሞልቼ ሞከርኩት፤ ይሠራል እኮ!» አለን። ፓምፑን ትቶታል። ስክሪኑን ግን አስገብቷል። ይሁን።

ከእናንተ የምንፈልገው ትንሽ ነው። አሮጌ መኪና ያለው አባት፣ አጎት፣ ጎረቤት፣ የላዳ ደንበኛ አታጡም። በሚቀጥለው ጊዜ ጋቢና ስትገቡ ስልኩን አስቀምጡና ጣታችሁን አንዷ ማንነቷ ያልታወቀ እጀታ ላይ አድርጉ። «ይቺ ለምንድን ናት?» በሉ። መንገዱ ቢዘጋጋ እንኳ አይሰለቻችሁም። የሰማችሁትንም ጻፉት፤ ክንዷ ከሄደች በኋላ የቀረን ፍሬቻ የሚለው ስም ብቻ ነው፤ ለሌሎቹ ስም እንኳ አላወጣንላቸውም።